ለአንድ ቡችላ ሦስት ገጽ ጥያቄ

ደብዳቤው

ሰላም እህታችን፣ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ትልቁ 11 ዓመቱ ነው ትንሿ 6። ባለቤቴ ኡበር ይሰራል፣ እኔ ነርሲንግ ሆም የማታ ሺፍት ነኝ። ካቻምና ደሞ እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ አብራን ናት። የትልቁ ልጄ የልብ ጓደኛ ቤተሰቦቹ ቴክሳስ ገቡና ከዛ ወዲህ ልጄ ተለወጠብኝ፣ ከትምህርት ቤት ይመጣል፣ በሩን ይዘጋል፣ በቃ። አፉን ከፈተ ከተባለ ስለ ውሻ ነው፣ ያውም ጎልደን ሪትሪቨር ካልሆነ አይሆንም። ሳየው አንጀቴን ስለሚበላኝ ልገዛለት ወሰንኩ፣ ባለቤቴም ከቻልሽ ግዢለት ብሏል።

ሰው ጠቁሞኝ ፔንሲልቫኒያ ላለች ውሻ ለምታረባ አንዲት ብሪደር ኢሜይል አደረግኩ። ዋጋው 3,000 ዶላር፣ ያውም አሁን የለም፣ ገና አልተወለዱም፣ ስፕሪንግ ላይ ነው የሚደርሱት አለችኝ። ከዛ ሦስት ገጽ ጥያቄ ላከችልኝ! ቤቱ የራሳችሁ ነው ኪራይ፣ አጥር አለው ወይ፣ ከዚህ በፊት ውሻ ነበራችሁ ወይ፣ ለሌላ ሰው የሰጣችሁት ውሻ አለ ወይ፣ ቀን ቀን ቤት የሚውለው ማነው፣ ቤተሰቡ በሙሉ ተስማምቷል ወይ… እውነቱን ልንገርሽ ተናደድኩ። የራሴን ገንዘብ ይዤ ልለምን ነው እንዴ? ስሜን አይታ ይሆን ብዬም አሰብኩ። ግማሹን ሞልቼ ተውኩት።

በዚህ መሀል ፌስቡክ ላይ ሌላ አገኘሁ፣ 900 ዶላር፣ ስድስት ሳምንታቸው ነው፣ ወረቀት አላቸው ይላል፣ ምንም ጥያቄ የለ፣ 300 ቀብድ በዜል ላኪና ቅዳሜ ቤትሽ ድረስ አመጣልሻለሁ አለኝ። ፎቶውን ለልጄ አሳየሁት፣ ወዲያው "ማሩ" ብሎ ስም አወጣለት፣ ስንት ወር ያላየሁትን ሳቅ ሳቀ። ለእናቴ ገና አልነገርኳትም፣ ስዕለ አድህኖ ባለበት ቤት ውሻ አይገባም እንደምትል አውቃለሁ። ሰውየው ቀብዱን እስከ ሐሙስ ካልላክሽ ለሌላ ሰው ይሄዳል ብሎኛል። ምን ትመክሪኛለሽ?

ግራ የገባት እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

የኔ እህት፣ ሐሙስ ስለደረሰ መጀመሪያ እሱን ልበልሽ፣ ያንን 300 ዶላር አትላኪ። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን።

ዜል ማለት እኮ ብር በእጅ እንደመስጠት ነው፣ አንዴ ከወጣ ባንክ ሄደሽ መልሱልኝ ብትይ ራስሽ ነሽ የላክሽው ነው የሚሉሽ። የቡችላ ማስታወቂያ ደሞ የታወቀ የሌባ ሜዳ ሆኗል፣ የሌላ ሰው ውሻ ፎቶ ይለጥፉና ቀብድ ይቀበላሉ፣ ከዛ ለማጓጓዣ ሳጥን ጨምሪ፣ ለኢንሹራንስ ጨምሪ እያሉ ሰው እስኪነቃ ድረስ ይቀጥላሉ። ፌስቡክ ራሱ ማርኬትፕሌሱ ላይ እንስሳ መሸጥ ይከለክላል። ስለ ሰውየው ማወቅ ከፈለግሽ ዛሬ ማታ በቪዲዮ ደውልልኝና ቡችላውን ከእናቱ ጋር አሳየኝ በይው፣ ፎቶውንም ጎግል ላይ አስገብተሽ ፈልጊው፣ ሌላ ስቴት ውስጥ በሌላ ስም ሲሸጥ ልታገኚው ትችያለሽ።

እሺ ሌባ አይደለም እንበል፣ ቡችሎቹም አሉ። ስድስት ሳምንት ግን ገና ነው። ቡችላ ከእናቱና ከእህት ወንድሞቹ ጋር ቢያንስ ስምንት ሳምንት መቆየት አለበት። ሲጫወቱ አይተሻል? አንዱ ሌላውን ጠንከር አድርጎ ሲነክሰው የተነከሰው ይጮህና ጨዋታው ይቆማል፣ ቡችላ ጥርሱን መግታት የሚማረው እንደዛ ነው። ያንን ሳይማር የመጣ ቡችላ የሚማረው በ6 ዓመቷ ልጅሽ እጅ ላይ ነው። ቸኩሎ የሚሸጥ ሰው ደሞ ሌላውንም ነገር ቸኩሎበታል፣ ክትባቱን፣ የትላትል መድኃኒቱን፣ የእናቲቱን ምርመራ።

ይሄን ሁሉ ካነበብኩት ብቻ አይደለም የምነግርሽ። ልጄ ትንሽ እያለች ለምናኝ ለምናኝ ከአንድ ሰውዬ በርካሽ ቡችላ ገዛሁላት፣ ቤቱን አላየሁም፣ እናቷን አላየሁም፣ ነዳጅ ማደያ ፓርኪንግ ላይ ነው በካርቶን የተቀበልኳት። ሦስት ቀን ስትቦርቅ ሰነበተች። በአራተኛው ቀን ጠዋት ምግብ እምቢ አለች፣ ከሰዓት ውሃ እምቢ አለች፣ ማታ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ሳይ ሆዷን ቀዝቃዛው ሴራሚክ ላይ ለጥፋ ተኝታለች፣ ከስሯ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ። ሽታውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሐኪሙ ፓርቮ የሚባል ቫይረስ ነው አለን፣ ይዛው ነው የመጣችው፣ በሽታው ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ቀናት ይወስድበታል። አልተረፈችም። የሰውየው ስልክ ዝግ ነበር። ወለሉን በበረኪና እየፈተግኩ ልጄ በሩ ላይ ቆማ "እማዬ፣ ብዙ ስላቀፍኳት ነው?" አለችኝ።

ልጅሽ እኮ ጓደኛው ሄዶበት ያዘነ ልጅ ነው። ሌላ ቶሎ የሚሄድበት ነገር አንስጠው።

አሁን ወደ ሦስቱ ገጾች እንምጣ። ንዴትሽ ይገባኛል። እዚህ አገር ቤት ስንከራይ፣ ስራ ስንጠይቅ፣ ስማችንን ሲያዩ ፊታቸው ሲቀየር ያየን ሰዎች ነን፣ ጥርጣሬሽ ከሜዳ አልመጣም። ግን ወረቀቱን አንዴ መልሰሽ እይው፣ ላንቺ ተብሎ የተጻፈ ነው ወይስ ለመጣ ሁሉ የምትልከው ፎርም? ፎርም ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ውሻ በሥርዓት የሚያረቡ ሰዎች ዘንድ እንዲህ ያለ ጥያቄ የተለመደ ነው። እኛስ ብንሆን ልጅ ሲጠየቅ ሽማግሌ ተቀምጦ የማን ልጅ ነው፣ ምን ይሰራል፣ ጠባዩ እንዴት ነው ይባል የለም እንዴ? ሰባት ቤት ይቆጠር የለም? ሴትዮዋ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብላ ነው የምታዋልዳቸው፣ ስምንት ሳምንት ታቅፋ ነው የምታሳድጋቸው፣ ሲወጡ ወዴት ቤት እንደሚገቡ ብትጠይቅ ክፋት የለውም። ባለ 900ው ሰውዬ አንድ ጥያቄ እንኳን ያልጠየቀሽ ለምን ይመስልሻል?

ሰባት ቤት ካልኩ አይቀር፣ ንጹህ ዘር ውሻ ላይ መቁጠሩ ከሰውም ይብሳል። ጎልደን ስኮትላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1868 በአንድ መኳንንት ግቢ ከተወለዱ ጥቂት ቡችሎች የተጀመረ ዘር ነው፣ በኋላም ከውጪ እንዳይደባለቅ ተዘግቶ እርስ በርሱ ነው የሚዋለደው፣ ስለዚህ የዳሌ መላላት፣ የክርን ችግር፣ የልብና የዓይን በሽታ በዘር ይወርዳል። "ወላጆቹ ጤነኞች ናቸው፣ ቬት አይቷቸዋል" የሚለው ወሬ ለዚህ አይበቃም። የዘሩ ማህበር፣ በ1938 የተመሰረተው ጎልደን ሪትሪቨር ክለብ ኦፍ አሜሪካ ማለት ነው፣ አባትም እናትም ከመዋለዳቸው በፊት አራቱም እንዲመረመሩ ይፈልጋል፣ ዳሌ፣ ክርን፣ ልብ በልብ ስፔሻሊስት፣ ዓይን ደሞ በዓይን ስፔሻሊስት። ውጤቱ ኦኤፍኤ የሚባል ድርጅት ጋ ይመዘገባል። የዳሌው የመጨረሻ ማረጋገጫ የሚሰጠው ውሻው 24 ወር ከሞላው በኋላ ስለሆነ እናቲቱ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ከወለደች አንዱን ነገር ዘለውታል ማለት ነው።

እና አሁን ተራው ያንቺ ነው፣ አንቺም ጠይቂያት። የአባትና የእናቲቱን ሙሉ የምዝገባ ስም ላኪልኝ በያት፣ ስሙን ኦኤፍኤ ድረገጽ ላይ ስትጽፊው ውጤቱ ፊትሽ ይመጣል፣ ነጻ ነው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ዳሌ ላይ ኤክሰለንት፣ ጉድ ወይ ፌር ካለ አልፏል። ደህና ብሪደር ይሄን ስትጠየቅ ደስ ነው የሚላት፣ የደከመችበትን ስራ አየሽላት ማለት ነውና። የሚቆጣ ወይ "ወረቀት አለው አልኩሽ" የሚል ካጋጠመሽ ሂጂ። ወረቀት የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ የአሜሪካን ኬነል ክለብ ምዝገባ ነው፣ ምዝገባው ወላጆቹ እነማን እንደሆኑ ይናገራል እንጂ ጤነኛ ናቸው፣ በደንብ አድጓል ብሎ አይመሰክርም።

አንድ ነገር ግን ማንም ዋስ ሊሆንሽ አይችልም፣ ጎልደን ላይ ካንሰር ይበዛል። በ2012 የተጀመረ ከ3,000 በላይ ጎልደኖችን ዕድሜ ልካቸውን የሚከታተል ጥናት አለ፣ በዋናነት ይሄንኑ ለመረዳት ነው የተጀመረው። ሴትዮዋን አያቶቹ ስንት ዓመት ኖሩ፣ በምን ሞቱ ብለሽ ጠይቂያት። ደብቃ "የኔ ዘር ውስጥ የለም" ካለችሽ ተጠራጠሪ፣ አያትየው በዘጠኝ ዓመቷ በዚህ ሞተችብን ብላ በእውነት ከነገረችሽ እኔ እንዲያውም የበለጠ አምናታለሁ።

ከዛ ሂጂና እይ። ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት፣ ልጁን ሳትይዢ፣ ከባለቤትሽ ጋር። እኔ ሁለተኛዋን ውሻችንን ከማምጣታችን በፊት የሄድኩበት ቤት ሳሎኑ መሀል ነበር የቡችሎቹ አጥር፣ ሴትዮዋ ቫኪዩም እያደረገች ነው የደረስኩት፣ አንዱ ቡችላ ቀና ብሎ እንኳን አላየም፣ ድምጹን ለምዶታል። እናቲቱ ወደኔ መጥታ አፍንጫዋን መዳፌ ውስጥ ከታ አሸተተችኝና ተመልሳ ልጆቿ አጠገብ ተጋደመች። ያቺን ሳይ ነው ሆዴ የረጋው። ቡችላ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስት ወሩ ገደማ ድረስ ያየውን፣ የሰማውን፣ የነካውን ነው ለዕድሜ ልኩ ምንም አይደለም ብሎ የሚይዘው፣ የዚያ ጊዜ ግማሽ ያህሉ ደሞ የሚያልፈው ብሪደሯ ቤት ነው። ጋራዥ ውስጥ ወይ በረት ውስጥ ሰው ሳያይ ካደገ እናንተ ቤት ሲመጣ የህጻን ሩጫ ያስደነግጠዋል። እናቲቱን ማየት አትችሉም፣ መንገድ ላይ እንገናኝ የሚል ሰው ካለ እዛው ላይ ተመለሱ።

ፔንሲልቫኒያ ደሞ ሁለቱም ዓይነት አለ፣ እንዲህ በፍቅር የሚያሳድግም፣ ፓፒ ሚል የሚባለውም፣ እናቲቱ ሽቦ ቤት ውስጥ ሆና ሳታርፍ እየወለደች ለገበያ የሚቀርብበት። ሜሪላንድ ከ2020 ጀምሮ ፔት ሾፕ ውስጥ ቡችላ እንዳይሸጥ የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው። ፔንሲልቫኒያ ውስጥ በዓመት 26 ውሻና ከዛ በላይ የሚይዝ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ የቁጥጥሩን ሪፖርት የስቴቱ ግብርና መስሪያ ቤት ኦንላይን ያወጣዋል፣ በስም ፈልጊ። ያንቺ ሴትዮ በዓመት አንዴ ሁለቴ ብቻ የምታስወልድ ከሆነች ላትገኝ ትችላለች፣ ያ መጥፎ ምልክት አይደለም። እሷ ካልተስማማችሽም የዚህ አካባቢ የጎልደን ክለብ አለ፣ ፖቶማክ ቫሊ የሚባለው፣ እነሱን ጠይቂ።

ውሉንም አንብቢው። እኔ መጀመሪያ የምፈልገው አንድ መስመር ነው፣ ውሻውን ማቆየት ካልቻላችሁ በማንኛውም ዕድሜው መልሳ እንደምትወስደው የሚል። ይሄን የጻፈ ሰው ቡችላውን ሸጦ አልረሳውም።

አሁን ልቤ ውስጥ ወደቀረው ነገር ልመለስ። ፎርሙን ግማሹን ሞልቼ ተውኩት ብለሻል። እስኪ ንገሪኝ፣ ያቆምሽው የትኛው ጋ ስትደርሺ ነው? ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፣ ግን "ቀን ቀን ቤት የሚውለው ማነው" እና "ቤተሰቡ በሙሉ ተስማምቷል ወይ" የሚሉት ጋ ይመስለኛል። አንቺ ማታ ሰርተሽ ቀን ትተኛለሽ፣ ባለቤትሽ መንገድ ላይ ነው፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት። የስምንት ሳምንት ቡችላ በየሁለት ሰዓቱ ለሽንት መውጣት አለበት፣ ሌሊትም ይነሳል። ነቅተው ቤት የሚውሉት እናትሽ ናቸው። እና ስለዚህ ጉዳይ ያልሰሙ ብቸኛዋ ሰው እሳቸው ናቸው።

ይሄን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም፣ እምቢ ይሉኛል ብለሽ ፈርተሽ ነው፣ ይገባኛል። ግን ቅዳሜ ድንገት ቡችላ በሩን ከፍቶ ሲገባ የሚሰማቸውን አስቢው፣ ገና የሰው አገር እየለመዱ ያሉ ሴት ናቸው፣ ቤቱ ውስጥ ያለኔ ፈቃድ ሁሉ ነገር ይሆናል ማለት ነው ይላሉ። ለሳቸው ውሻ የግቢ ነው፣ ደጅ ይጠብቃል፣ ከእንጀራው ፍርፋሪ ይጣልለታል፣ ቤት አይገባም፣ ያደጉበት ነው። አትከራከሪያቸው። ፈቃድ ጠይቂያቸው። እንዲህ ነው ብለሽ ሳይሆን "እማዬ፣ ልጁ እንዲህ ሆኖብኛል፣ አንቺስ ምን ታያለሽ?" ብለሽ ጀምሪ፣ ልጁ በሩን እየዘጋ ሲውል እሳቸውም ያያሉ እኮ፣ ምናልባትም ካንቺ በላይ።

ስለ ስዕለ አድህኖው ካነሱ ተቀበያቸው፣ የጸሎት ቦታቸውና ክፍላቸው ውሻ የማይደርስበት ይሁን፣ ደረጃው ላይ ለህጻን የሚደረገውን በር አድርጉ፣ ይሄ ለቡችላውም ይጠቅማል። ጎልደን ጸጉሩ ዓመቱን ሙሉ ይረግፋል፣ ነጠላቸው ላይ አንድ ቢጫ ጸጉር ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲያዩ ምን እንደሚሰማቸው አስቢ፣ ስለዚህ የሚለብሱት ነገር የት እንደሚቀመጥ ከአሁኑ ተነጋገሩ። ደስ የሚላቸው ከሆነ ደሞ መጽሐፈ ጦቢትን አስታውሺያቸው፣ ጦብያ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር መንገድ ሲወጣ ውሻውም አብሮ ሄዷል፣ የጳጉሜ 3ን ታሪክ ከኔና ካንቺ በላይ እሳቸው ያውቁታል። ለማሸነፊያ ግን አታድርጊው፣ ለጨዋታ ብቻ።

እምቢ ካሉስ? ያኔ ቡችላ ለእናንተ ቤት ጊዜው አይደለም ማለት ነው፣ ብሪደሯም ብትሰማ ትክክል ነሽ ትልሻለች። ግን በሩ ሁሉ አልተዘጋም። ብሪደሮች አንዳንዴ ሁለት ዓመት ሦስት ዓመት የሆነው፣ ሽንቱን የለመደ፣ የተረጋጋ ውሻ ለጥሩ ቤት ይሰጣሉ፣ በዚሁ በዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ቤት ላጡ ጎልደኖች ብቻ የቆመ ድርጅትም አለ። የማታ ሺፍት ለምትሰራ እናትና ላረጁ አያት እንዲህ ያለው ውሻ ከቡችላ ይልቅ ይቀላል ብዬ ነው እኔ የማምነው፣ እናትሽ እሺ ቢሉ እንኳን አስቢበት።

ገንዘቡ ደሞ 3,000ው ላይ አያልቅም። ቡችላው 16 ሳምንት እስኪሞላው የሚደጋገም ክትባት አለ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በአራት ወሩ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ግዴታ ነው፣ ምግብ አለ፣ ስልጠና አለ። እስከ ስፕሪንግ መቆየቱ ለዚህም ይጠቅምሻል፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ አስቀምጪ።

ለልጅሽ ስለ ማሩ እውነቱን ንገሪው። "ፎቶውን ቶሎ ማሳየቴ የኔ ስህተት ነው፣ ሰውየውን አላመንኩትም፣ ለውሻው ደህና የሚሆነውን መንገድ ልንከተል ነው" በይው፣ 11 ዓመት ይሄን ለመረዳት ይበቃል። ሊያለቅስ ይችላል፣ ያልቅስ፣ አጠገቡ ቁጪ በይ። ከዛ ስራ ስጪው፣ ኦኤፍኤ ላይ የአባትና የእናቲቱን ስም እሱ ይፈልግልሽ፣ ለብሪደሯ የሚጠየቁትን ጥያቄዎች እሱ በደብተር ይጻፍ፣ ጎረቤት ውሻ ያለው ካለ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሮ ያንሸራሽር። ያ ከተዘጋው በር ያወጣዋል፣ ውሻው ከመምጣቱ በፊት። ጓደኛውንስ በቪዲዮ ያገኘዋል? ጠይቂው እስኪ፣ ውሻ የዚያን ልጅ ቦታ እንዲሞላ ብቻውን አንጫንበት።

ለሴትዮዋም ዛሬውኑ አጭር ኢሜይል ጻፊላት፣ አልጠፋሁም፣ ከእናቴ ጋር እየተነጋገርኩ ነው፣ በሳምንት ውስጥ እመልስልሻለሁ በያት። ስትመልስልሽ አነጋገሯን እይ፣ ጥርጣሬሽ ልክ ከሆነ እዛ ላይ ይታይሻል፣ ያኔ ሌላ እንፈልጋለን።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ሲፈላ፣ ልጆቹ ሳሉ ሳይሆን ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ፣ ለእናትሽ አንሺላቸው። "ቀን ቀን ቤት የሚውለው ማነው" የምትለዋን መስመር ከዛ በኋላ ሙያት።